ድንጋይ የማያውቅ ወረፋ

ወረፋ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ወረፋ ላይ ቆሞ ፊቱ የሚፈካ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ፊተኛው እሱ ነው፣ ወይ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። አንድ ቦታ መቆም ከተፈጠርኩ ጀምሮ አይሆንልኝም። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከግራ እግሬ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስል፣ ከኋላዬ ያለው ሰው አዝኖልኝ «ወንድም፣ ሽንት ቤቱ በጓሮ በኩል ነው» ብሎኝ ያውቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው እንጀራው ወረፋ መሥራት እንዲሆን የተፈረደበት።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሥራዬ ወረፋ መሥራት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሥር ኮምፒውተር ካለው፣ አሥር ደካማ ፕሪንተር ከሚገዛ አንድ ደህና ፕሪንተር ገዝቶ ሁሉንም በኬብል ቢያገናኝ ይሻለዋል። ታዲያ አሥሩ ሰው በአንድ ጊዜ «አትምልኝ» ሲለው ማሽኑ እንዳይደናበር መሀል ላይ አንድ ሌላ ኮምፒውተር ይቀመጣል። የኅትመት ሰርቨር እንለዋለን። እሱ የሁሉንም ወረቀት ተቀብሎ በአመጣጣቸው ያሰልፋል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ፕሪንተሩ ይለቃቸዋል። ይኸው ነው። እንደ ሰው ወረፋ ግፊያ የለበትም፣ «እኔ እኮ ቅድም እዚህ ነበርኩ» የለበትም፣ የአጎት ልጅ የለበትም። እስከ መተማ ድረስ እኔም እንዲህ ብዬ አምን ነበር።

ወደ መተማ የሄድኩት በግንቦት ነው። በግንቦት መተማ የሚሄድ ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ አለቃው የጠላው። እኔ ነጋዴ አይደለሁም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብነግራችሁ ነገ ስልክ ስለሚደወልልኝ ዝም ብላችሁ «አንድ መሥሪያ ቤት» ብላችሁ ያዙልኝ። ገበሬው ለትራክተር ናፍጣ የሚፈቀድበትን ወረቀት የሚያወጣው እዚያ ነው። ግንቦት ደግሞ የቆላ ገበሬ እንቅልፍ የሚያጣበት ወር ነው፤ ዝናቡ ሳይጥል መሬቱ መታረስ አለበት፣ ትራክተሩ ያለ ናፍጣ አይንቀሳቀስም፣ ናፍጣው ያለ ወረቀት አይቀዳም። ስለዚህ ከኮኪትም ከሌላውም ቀበሌ የመጣ ሰው ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩን ይሞላዋል። ሰሊጥ ለመዝራት የሚቸኩል ሰው ዓይኑ ሌላ ነው።

ሥራዬን በሰላም ነበር የጨረስኩት። የሙቀቱን ነገር አላወራችሁም፤ ላብ በቅንድቤ እየወረደ ኬብል ስጎትት፣ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ሞቃቱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እያመላለሰ ያሾፍብኝ ነበር። ለማንኛውም አሮጌዎቹ ፕሪንተሮች ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፣ አዲሱ ትልቁ ፕሪንተር ኮሪደሩ ላይ ተተከለ፣ ሰርቨሩ በጸሐፊዋ በብርቄ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ማብራሪያ ሰጠሁ። ማብራሪያ ስሰጥ ትንሽ ሞቅ ይለኛል፤ ይህን ባለቤቴም ታውቃለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀድሞ የላከ ቀድሞ ያትማል» አልኩ። «ይህ ወረፋ ዘመድ አያውቅም፣ ባለሥልጣን አያውቅም። ቦታውን የያዘ ቦታው የራሱ ነው!»

አጨበጨቡ። ማቆሚያው የት እንደሆነ፣ ማስቀጠያው የት እንደሆነ፣ ወረቀት ሲነክስ ምን እንደሚደረግ ሁሉንም አሳየሁ። ብርቄ በተለይ ማቆሚያውን በጥሞና አየችው። ያኔ ጎበዝ ተማሪ ናት ብዬ ተደስቼ ነበር።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ በኋላ ለምን እንደዚያ እንደተቁነጠነጥኩ አይገባችሁም። ከማብራሪያው በኋላ በሁለተኛው ቀን ጎንደር ላይ ልጄ ክርስትና ልትነሳ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው ያን ቀን ነው፤ ሰማንያ ቀን ደግሞ እንደ ስብሰባ አይተላለፍም። የተወለደች ዕለት ሌላ ወረዳ ሰርቨር ስተክል ነበርና አላየኋትም። ባለቤቴ መሠረት ያን ጊዜ ምንም አላለችኝም። መሠረት ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው። ለክርስትናው ግን ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይህችን ከቀረህ፣ ለሠርጓም አትምጣ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ሳቁ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም።

ከመተማ ወደ ጎንደር የመጨረሻው ሚኒባስ የሚነሳው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከመሸ መንገዱ ስለሚዘጋ ከእሱ በኋላ ወሬ የለም። እኔን ያሰረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ መረካከቢያው። «ሥራው ተጠናቆ ተረክበናል» የሚል አንድ ገጽ ታትሞ፣ ኃላፊው አቶ ሙላው ፈርመውበት ማኅተም ካላረፈበት፣ የላከኝ ድርጅት ሥራውን ጥሎ መጣ ብሎ ነው የሚቆጥረኝ። በማብራሪያው ማግሥት ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ ወረቀቱን በላፕቶፔ አዘጋጅቼ በራሴ ወረፋ፣ በራሴ እጅ ላክሁት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ፕሪንተሩ ሥር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

ምንም አልወጣም።

ጠበቅሁ። አሁንም ምንም። ማሽኑ መብራቱ በርቷል፣ ወረቀት ተሞልቶለታል፣ ጤነኛ ነው፤ ብቻ እንደ ተቀያየመ ሰው ዝም ብሏል። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ምን ቆርጦኝ ነው ኔትወርክ የተማርኩት እያልኩ ወደ ሰርቨሩ ሮጥኩና ወረፋውን ከፈትኩት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ወረፋው ላይ እስከ ታች የተደረደሩት ሰነዶች ስማቸው እንዲህ ይላል፦ «የሐጂ ድንጋይ»፣ «የሐጂ ድንጋይ ሁለተኛ»፣ «የጌታነህ ድንጋይ»፣ «የኮኪቱ ሰውዬ ድንጋይ»፣ «ድንጋይ»፣ «ድንጋይ»፣ «የእኔ ድንጋይ»። የእኔ መረካከቢያ ከድንጋዮቹ ሁሉ ሥር ተቀብሯል። ከላይ ደግሞ በትልቁ «ቆሟል» ይላል። አንዱን ድንጋይ ከፍቼ አየሁት። ባዶ ገጽ ነው።

«ብርቄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ድንጋይ ነዋ!» አለችኝ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከየት መጣ በሚል ዓይን እያየችኝ።

«የምን ድንጋይ?»

«ኧረ ኢንጂነር! እናንተ ጎንደሮች ድንጋይ አታስቀምጡም? ወረፋ መያዣ እኮ ነው። በዚህ ፀሐይ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ማደያው ጋ ሂድና እይ፤ ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ድንጋዩ ይሰለፍለታል። አንተም ትናንት ቦታውን የያዘ ቦታው የራሱ ነው አላልክም? እኔ ደግሞ ሰዎቹ እንዳይንገላቱ ብዬ ትናንቱኑ በየስማቸው ድንጋይ አኖርኩላቸው። ሲመጡ ድንጋያቸውን አንስቼ ወረቀታቸውን በቦታው እተካለሁ።»

«እና ለምን አቆምሽው?»

«ካላቆምኩትማ ድንጋዩን ያትመዋል!»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ያሳየኋትን ማቆሚያ በትክክል ተጠቅማለች፣ የነገርኳትን ሕግ በትክክል ተግብራለች፤ ብቻ ሰርቨር ላይ ድንጋይ ማንሳትና በቦታው ወረቀት መተካት የሚባል ነገር የለም። ዛሬ የገባ ሁሉ ከኋላ ነው የሚገባው። ይህንን በደንብ አስረዳኋት። እሷም በደንብ አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «እሱን ሐጂ ሲመጡ ንገራቸው» አለችኝ።

ሐጂ የተባሉት ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ገበያው መሀል ሱቅ ያላቸው፣ ሁለት ትራክተር የሚያከራዩ፣ ከሱዳን ጋር ሲነግዱ ኖረው አማርኛቸውን በዐረብኛ የሚያቀላቅሉ፣ በከተማው ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ። የወረፋው ፊተኛ ድንጋይ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ሳይመጡ ወረፋው አይንቀሳቀስም። የት ናቸው ስል፣ ማደያ ናቸው አለችኝ። ማደያው ላይ ደግሞ ሌላ ድንጋይ አላቸው፤ እውነተኛ ድንጋይ። ሰውዬው በሁለት ቦታ ተሰልፈዋል፣ በሁለቱም ቦታ የሉም።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ፣ ወደ ክፍሉ እገባለሁ። ሰዓቴን አያለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፣ እንደገና ሰዓቴን አያለሁ። አቶ ሙላውን በእጅ ልጻፈውና ይፈርሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አቶ ሙላው ረጋ ያሉ፣ ወረቀት ሳያነቡ የማይፈርሙ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ማሽኑ ይሠራል ብዬ የምፈርመው በማሽኑ ባልታተመ ወረቀት ላይ ነው? ነገ ኦዲተር ሲመጣ ምን ይለኛል?»

እውነታቸውን ነው። እውነት ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። መሠረት ደወለች። «ተነሳህ?» አለችኝ። «ልነሳ ነው» አልኳት። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷ ታውቃለች። ከጀርባዋ የልጄ ለቅሶ ይሰማል፤ እኔ የልጄን ድምፅ እንጂ መልኳን ገና በደንብ አልለየሁትም ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ብርቄ ለምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።

የሰርቨሩ ባለሙሉ ሥልጣን እኔ ነኝ። ድንጋዮቹን በሙሉ መረጥኩና አጠፋኋቸው። በአንድ ጊዜ፣ ብን! ወረፋው ባዶ ሆነ። ለአፍታ ያህል እፎይ አልኩ። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፤ በሙሉ ስመርጥ የእኔም መረካከቢያ መሀላቸው ነበረች። እሷም አብራ ብን ብላለች። እንደገና ልልካት ላፕቶፔን ስከፍት ከኮሪደሩ ጫጫታ ሰማሁ።

«ድንጋዬን ማን አነሳው?»

ወጥቼ ሳይ ሐጂ ኑሩ መጥተዋል። ከኋላቸው የኮኪቱ ሰውዬ፣ ጌታነህ የሚባለው የትራክተር ሹፌር፣ ሌሎችም መጥተዋል። ለካ ብርቄ ከምሳ ተመልሳ ከጀርባዬ ስክሪኑን አይታ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጮኻለች። መተማ ላይ የሰው ድንጋይ ማንሳት ምን ያህል ነውር እንደሆነ የገባኝ ያኔ የሁሉንም ፊት ሳይ ነው። አንዱ ገበሬማ ከቤቱ ከብት እንደተነዳበት ሰው ነው የጮኸው። እኔ ነኝ ያነሳሁት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ሐጂ፣ ድንጋይ እኮ አይደለም፤ ባዶ ፋይል ነው» አልኳቸው።

«ባዶ ድንጋይ የሚባል የለም፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። «ሁሉም ባለቤት አለው።» ከዚያ ክንዳቸውን አንስተው መዳፋቸውን ፕሪንተሩ ላይ አሳረፉ። «ኸላስ፣ በቃ! ወረፋው እስኪጣራ ድረስ ይህችን ማሽን ማንም አይነካትም።»

አቶ ሙላውም ከቢሮአቸው ወጥተው ነገሩን ሰሙና የፕሪንተሩን ሶኬት ነቀሉት። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሊሆን ነው።

ወረፋ ማጣራት እንዴት እንደሚደረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መዝገብ የለም፣ ቁጥር የለም። ሁሉም «አንተ ከማን ኋላ ነህ?» ይባላል። ጌታነህ «እኔ ከሐጂ ኋላ ነኝ» ይላል። የኮኪቱ ሰውዬ «እኔ ከጌታነህ ኋላ፣ ቀይ ሸሚዙን አይቼ» ይላል። አንዲት እናት «እኔ ከኮኪቱ ኋላ፤ ቦታ ያዝልኝ ብዬው ነው የሄድኩት» ይላሉ። እንዲህ እየተቀጣጠሉ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይዞ ወረፋው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተመልሶ ቆመ። አልፎ አልፎ ክርክር አለ፤ ግን ምስክር አይጠፋም። ችግር የመጣው ሐጂ ላይ ነው። ብርቄ ስም ካልተጻፈባቸው አንዱ ጭምር የእሳቸው ድንጋይ ሦስት እንደነበር አመነች።

«አንዱ የእኔ ነው፣» አሉ ሐጂ ሳይደነግጡ፣ «አንዱ የወንድሜ ነው።»

«ሦስተኛውስ?» አለ ጌታነህ።

«ሦስተኛው... ለእንግዳ ነው። እንግዳ ቢመጣ ያለ ድንጋይ ይቁም?»

ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ። ሁለቱ ድንጋዮች በጉባኤው ውሳኔ ተሰረዙ። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ከማን ኋላ ነህ?»

እኔ ከማንም ኋላ አይደለሁም። ጠዋት ወረቀቴን ስሰድ ማንም አላየኝ፣ ለማንም «ከአንተ ኋላ ነኝ» አላልኩ። በሰርቨሩ ሕግ ቦታ ነበረኝ፤ እሱንም በገዛ እጄ አጠፋሁት። በእነሱ ሕግ ደግሞ ገና አልተሰለፍኩም። መናገር ያላሰብኩትን ተናገርኩ።

«ሐጂ፣ ነገ ጠዋት ጎንደር ልጄ ክርስትና ትነሳለች። ስትወለድም አልነበርኩ። መኪናው ስምንት ሰዓት ይነሳል። ያቺ አንዲት ወረቀት ካልወጣች መሄድ አልችልም።»

ሐጂ እጃቸውን ከፕሪንተሩ ላይ አነሱ።

«እና ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተንቆራጠጠ ያሉኝ ይህን ይዘህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው? ሰው እኮ የታመምክ መስሎት ነበር!»

«ይለፍ!» አሉ እናትየዋ ከኋላ። «ይለፍ እንጂ!» አለ የኮኪቱ ሰውዬ። ጌታነህ በመጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ ትራክተሯ ሜዳ ላይ ቆማ ናፍጣ ትጠብቃለች። ከዚያ እሱም እጁን አወራጭቶ «ይለፍ፣ ይለፍ» አለ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የሠራሁት ወረፋ ምንም እንከን የለበትም፣ አሁንም እከራከራለሁ። ግን «ልጄ ክርስትና ትነሳለች» ብትሉት ይለፍ አይላችሁም።

ሶኬቱ ተሰካ። ማቆሚያውን አንስቼ መረካከቢያውን እንደገና ላክሁት፤ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። አቶ ሙላው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ እኔ አጠገባቸው እንደ ድስት ክዳን እንቀጠቀጣለሁ። ፈረሙ። ማኅተሙን አሳረፉ። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን እንደገና አንስተው ከፊርማቸው ሥር በጥንቃቄ ጻፉ፦ «ማሳሰቢያ፦ ወረፋው ድንጋይ የማያውቅ መሆኑ ተገልጾልናል።»

ሐጂ ኑሩ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መናኸሪያው ያለውን ተራ አስከባሪ እያዘዙት ነበር። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የጎንደሯን እንዳትለቃት! አንድ አባት እየመጣልህ ነው!» ባጃጁ ላይ ስወጣ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ በላት ልጅህን» ብለው ከኋላ ጮሁልኝ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያፈጥብኝ አንገቴን ሰብሬ ገባሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሚኒባሱ እኔን ሲጠብቅ የዘገየው፣ ኬላ ላይ ፍተሻው፣ ነጋዴ ባሕርን ስናልፍ የፈነዳው ጎማ ሁሉ ተደማምሮ አይከል ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። እዚያው እደሩ ተባልን። ስልኬ ላይ ኔትወርክ የለም። የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ እኮ! ለመሠረት የት እንዳለሁ እንኳን መንገር አልቻልኩም። የቆላ ሸሚዜን ለብሼ በአይከል ብርድ ስንቀጠቀጥ፣ ለሠርጓም አትምጣ ያለችው ነገር በጆሮዬ ይደውልብኝ ነበር።

መንገዱ እንደተከፈተ ተነሳን። ጎንደር ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ክርስትና ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ነው የሚያልቀው። ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ የተጠመቁ ሕፃናት ታቅፈው እየሳቁ ሲወጡ አየሁ። አልቋል አልኩ በልቤ።

ክርስትና ቤቱ በር ላይ መሠረት ቆማለች። አጠገቧ ክርስትና እናቷ ልጃችንን ታቅፋለች። ከፊታቸው አንድ ሕፃን ብቻ ቀርቷል። በሩን የያዘው ዲያቆን ግራ ገብቶት ያያቸዋል፤ እኔን ሲያይ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ «እርስዎ ነዎት አባትየው?» አለኝ። «ባለቤትዎ ተራዋ በደረሰ ቁጥር እናንተ ቅደሙ እያለች ሰዉን ሁሉ አሳለፈችው። ወደ ኋላ የሚሰለፍ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

መሠረት አልተቆጣችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካከለችና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ምነው ቆየህ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «የማሳልፈው ሰው ሊያልቅብኝ ነበር።»